ቤት የእግዜር ነው፦ የዜማ ተማሪና የማደሪያው ታሪክ

ድሮ መንገደኛ መሽቶበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ያለ እንደሆነ ከውስጥ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፤ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!» ባለቤቱ የእንግዳውን መታወቂያ አይጠይቅም፤ እንግዳውም ቤቱ በእውነት የእግዜር ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ አይልም። እግሩን ታጥቦ፣ ያለውን ቀምሶ፣ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ያድራል። ሲነጋ መንገዱን ይቀጥላል።

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ግን የድሮ መንገደኛ አይደለም። ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ አንድ ልጅ በገናውን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣ። ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ የተዛወረ ነው። የተዛወረበትም ምክንያት ሌላ አይደለም፤ በነበረበት ቦታ በገና የሚያስተምረው ሰው አጣ። ውጤቱ ተላከለት፤ የተማራቸው ኮርሶች አንድ በአንድ ተቆጠሩለት፤ ከመምህራን ፊት ቀርቦ ደረደረ፤ «ይበቃል፤ ተቀብለንሃል» ተባለ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የዶርም ድልድል ከእሱ መምጣት በፊት አልቆ ነበርና ስሙ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልተገኘም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራው፤ ሌላው ወደ ሦስተኛው፤ ሦስተኛው ደግሞ «ነገ ተመለስ» አለው። ነገ ሲመለስ ሰውየው ስብሰባ ገብቷል። ባጭሩ መማሩ ጸደቀ፤ ማደሩ ግን አልጸደቀም።

እኛም ከሁለት አልጋ መካከል ፍራሽ ዘርግተን ሦስት ሳምንት አብረን ከረምን። በገና ደግነቱ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ትራምፔት ተማሪ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንሆን እግዜር ይወቀው! ታዲያ ባንዱ ምሽት ልምምዱን ጨርሶ ክሮቹን ሲያላላ ከመካከላችን አንዱ፣ «ለመሆኑ በዚች አገር የዜማ ተማሪ ትምህርት ቤት ሲቀይር የት ሲያድር ኖሯል? ማንስ ሲያሳድረው?» ብሎ ጠየቀ። ለቀልድ ያህል ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን የሚያስቅ አልሆነም። ያሬድን እናውቃለን፤ ድጓን እናውቃለን፤ የዜማ መምህራኑን ስም እየጠራን እንኮራለን። ተማሪውን ያሳደረውን ሰው ግን አናውቀውም። ይህች ጽሑፍ ያንን ሰው ፍለጋ የተደረገች ናት።

፩

ከመጀመሪያው እንጀምር። ትውፊታችን እንደሚነግረን የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበትና እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ አልገባው እያለ ሲገረፍ አንድ ቀን ጠፍቶ ሸሸ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ እየወደቀች በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ስትወጣ አየ፤ ከዚያ ተምሮ ተመለሰ። ኋላም ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች ለአገሩ አበረከተ።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ገና ከፊደል ገበታ ጀምሮ የጽናት ምሳሌ ተደርጎ ይነገረናል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ያሬድ ሲመለስ የተመለሰው ወዴት ነው? ወደ አጎቱ ቤት አይደለም እንዴ! ጌዴዎን በሩን ዘግቶ «አንዴ ወጥተሃል፤ ቦታህ ተይዟል» ብሎት ቢሆን ኖሮ ትሏ መቶ ጊዜ ብትወጣ ምን ይፈይዳል? ስለ ትሏ ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ በሩ ግን ያነሣ ሰው አልሰማንም።

፪

አማርኛችን «ቤት» የምትለዋን ቃል በምን በምን ላይ እንደሚያውላት እስቲ እናስተውል። የሚታደርበት ቤት ነው። የሚማሩበትም ቤት ነው፤ ንባብ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ይባላል። የዜማው ወገን ራሱ ቤት ነው፤ የቤተልሔም ቤት፣ የአጫብር ቤት፣ የቆማ ቤት፣ የተጉለት ቤት እየተባለ ይለያል። የግጥም መድረሻውም ቤት ነው፤ ሲያምር «ቤት መታ» እንላለን። ስለዚህ አንድ የዜማ ተማሪ «ቤት ቀየርኩ» ቢል መምህሩን፣ የዜማውን ወገንና ማደሪያውን በአንድ ቃል ተናግሯል ማለት ነው። ለእሱ ሦስቱ የሚለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

ለመሆኑ ተማሪው ቤት መቀየር ለምን አስፈለገው? ካንዱ መምህር ዘንድ ተቀምጦ ሁሉን ለምን አይጨርስም? ምክንያቱ በትምህርቱ ባሕርይ ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት የዜማውን ምልክት የሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ምልክቱ ከንባቡ በላይ ደቀቅ ተደርጎ የሚጻፍ ፊደል ነው፤ ፊደሉም ዜማው አስቀድሞ ከሚታወቅ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ነው። እንግዲህ ፊደሉ የሚያስታውሰው ዜማውን ከመምህር አፍ የሰማውን ሰው ብቻ ነው። ላልሰማው ዝም ይለዋል። መጽሐፉን ተሸክሞ አገር ቤቱ ቢገባ መጽሐፉ አያዜምለትም። ሰውየው ዘንድ መሄድ አለበት።

ሰውየው ደግሞ አንድ ቦታ አይገኝም። ለድጓ ማስመስከሪያው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ለዝማሬ መዋሥዕት እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ይወጣል። ለአቋቋም ጎንደር ይወርዳል። ለቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ትግራይ ደብረ ዓባይ ይሄዳል። ቅኔ ያማረው እንደሆነ ዐባይን ተሻግሮ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ አለዚያም ዋድላ ይገባል። ይህ ሁሉ በእግር ነው፤ የቀናት መንገድ ነው፤ ክረምት ከገባ ወንዙ አያሻግርም። ሁሉን ልጨርስ ያለ ሰው 20 እና 30 ዓመት በተማሪነት ይቆያል። በእኛ አነጋገር ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ «ትራንስፈር» ጠያቂ ነው ማለት ነው። ግን ማመልከቻ አይጽፍም፤ ክሊራንስ አይጠየቅም። የቀድሞ መምህሩን ስም ይጠራል፤ የተማረውን ያሰማል፤ አዲሱ የኔታ ጆሮ ሰጥተው ሲያዳምጡት ከየት ቤት እንደመጣ ወዲያው ያውቁታል። የትምህርት ማስረጃው በጉሮሮው ውስጥ ነበር።

፫

ተቀባይነት ካገኘ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው እኛን ያስደነቀን ነገር ያለው። አዲስ መጪው መጀመሪያ ከነባር ተማሪዎች ጎጆ ይጠጋል። ጎጆዋ እንጨት ቆመው፣ ሣር ከድነው ራሳቸው ተማሪዎቹ የሠሯት ናት፤ ሁለት ሰው በጭንቅ የምታስተኛ ሆና ሳለ ሦስተኛ ይጨመርባታል። ከዚያ ውሎ አድሮ ከጓደኞቹ ጋር እንጨቱን ቆርጦ፣ ሣሩን አጭዶ የራሱን ያቆማል። ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ጎጆዋ ለሌላው ትቀራለች። ዕቃው ምን አለና! ደበሎ ለብሷል፤ አኩፋዳ በትከሻው፣ በትር በእጁ ይዟል። ሌላ የለውም።

ምግቡንስ? ከትምህርት ሰዓት ተርፎ ወደ መንደሩ ይወርድና ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከውስጥ ሴትየዋ ትወጣና ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ከሌላትም «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። መጀመሪያ የሚቀበለው ግን ውሻው ነው፤ በትሩም የተያዘው ለዚሁ ነው። የተረፈው ቁራሽ ይደርቅና ኮቸሮ ይሆናል፤ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ቆሎም ከኪሱ አይጠፋም። ይኸው «ቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ተርፎልናል። ማታ እሳት ተከቦ ቀለም ይቀጸላል፤ ነባሩ አዲሱን ያስጠናል፤ የኔታም ከጎጇቸው ሆነው ይሰሙና የተሳሳተውን በስሙ ጠርተው ያርሙታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የኔታ ያስተምራሉ፤ ክፍያ ግን አይጠይቁም። ተማሪው ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ እንጨት ይለቅምላቸዋል። የተማሪውን ሆድ የሚችለው ግን መንደሩ ነው። ከቤተልሔም አካባቢ ያለች አንዲት ገበሬ ሴት ድጓ አትማርም፤ ምልክት አታነብም፤ ማኅሌት ቆማ አታውቅም። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጇ የወጣው ቁራሽ ቢደመር ስንት ተማሪ አሳልፏል? ድጓው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በመምህሩ አፍና በተማሪው ጆሮ ብቻ ሳይሆን በዚች ሴት እጅም ጭምር ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

፬

ነገር ግን ያለፈውን ሁሉ ወርቅ ቀብተን እንዳናቀርብ እንጠንቀቅ። «ቤት የእግዜር ነው» ይባል እንጂ ቁራሹ የገበሬው ነበር። ገበሬው ግብሩን ከፍሎ፣ የጌታውን ድርሻ ሰጥቶ፣ ከተረፈው ላይ ነው ለተማሪ የሚቆርሰው። ካልተረፈስ? በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም ክፉ ቀን ሲመጣ፣ በ1966 ወሎ ሲራብ፣ በ1977 ድርቁ ሲደገም ከየደጁ ቆሞ የሚለምነው ተማሪ ምን ያገኝ ነበር? የሚሰጠው ሰው ራሱ ተሰዷል። መንደሩ ሲፈታ ጉባኤውም ይፈታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ገበሬው ከጌታው ተላቀቀ፤ ይህን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ስታጣ የኔታ የሚቀመጡበት መተዳደሪያም አብሮ ሄደ፤ ለተማሪው ግን በምትኩ ምን እንደሚዘጋጅለት ያሰበ አልነበረም። ትክክለኛ እርምጃ እንኳ ሲወሰድ ጥግ የተቀመጠ ሰው እንዳለ ይረሳል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። ይህ መንገድ የወንድ ልጅ መንገድ ነበር። ደበሎ ለብሳ፣ በትር ይዛ፣ ከቤተልሔም ጎንደር፣ ከጎንደር ዋሸራ የምትዞር፣ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር ጎጆ የምትጋራ ልጃገረድ ማን ይፈቅድላታል? ድምፅ አጥታ አይደለም፤ ማደሪያ አጥታ ነው ከዜማው የቀረችው። ለዚህ ማስረጃችን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ስውር ሆነው ሳሉ በጎጃም ቅኔ አስተምረው ብዙ ደቀ መዝሙር ያፈሩ እኚህ ሴት እንዴት ለዚህ በቁ ቢባል፣ የቅኔ መምህሩ የገዛ አባታቸው መምህር ሐዲስ ነበሩ። ትምህርት ቤቱና ማደሪያው አንድ ጣራ ሥር ሆኑላቸው፤ ከበር መውጣት አላስፈለጋቸውም። አባታቸው አራሽ ቢሆኑ ኖሮ ግን ያ አእምሮ የት ይቀር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስንቱስ እንዲሁ ቀርቷል!

፭

ከጎጆው ወጥተን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጎራ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አዩ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት ተርፈው በአርመን ገዳም የተጠለሉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ ልጆቹም የመንግሥቱ የናስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ።

አርባ የሙዚቃ ተማሪዎች ካንድ ገዳም ወደ ሌላ አገር ቤተ መንግሥት መዛወራቸው ቀላል ነገር አይደለም። እንዴት ተቻለ ቢባል፣ ገና ከመነሻው ኃላፊነቱን የሚወስድ ስለተገኘ ነው። እኛ በልጆቹ ላይ ቅር የሚለን ነገር የለም፤ ከነሱ በላይ ቤት የሚያስፈልገው ማን ነበር? የሚገርመን መንግሥት ሲፈልግ አርባ ልጅ ባንድ ጊዜ ማስተናገድ ማወቁ፣ በየደብሩ ቅጥር ለሚያድረው የዜማ ተማሪ ግን ይህ ዕውቀት አለመድረሱ ነው። ናልባንዲያን ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ቃሉን የጻፈው ደግሞ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የወጣው የቤተ ክህነት ተማሪ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ሁለቱ የሙዚቃ መንገዶች ባንድ መዝሙር ተገናኙ፤ የሁለቱ ተማሪዎች ማደሪያ ግን እንደተለያየ ቀረ።

ከዚያም ወዲህ ያለውን ብንመለከት ነገሩ አይለወጥም። ሙላቱ አስታጥቄ ኢንጂነሪንግ እንዲማር ወደ ዌልስ ተላከ፤ እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ሙዚቃ ሳበችው፤ ወደ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ተሻገረ። አሸናፊ ከበደ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ፤ እንደገና ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። የነዚህን ሰዎች ተሰጥኦ የሚጠራጠር የለም። ግን ቤት መቀየር ለቻለ ሰው ተሰጥኦው ምን ያህል እንደሚሰፋ የነሱ ታሪክ ይመሰክራል። ሙላቱ ዌልስ ላይ «ወይ ኢንጂነሪንግ ወይ ወደ አገርህ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ኢትዮ ጃዝ የምንለው ነገር ዛሬ ይኖር ነበር?

፮

አሁን ወደ ፈለግነው ሰው ደርሰናል። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ቤተ መንግሥቱንም ጎጆውንም፣ ባንድ ዕድሜ ያዩ አንዲት ሴት አሉ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ።

እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ የውብዳር ተብለው የተወለዱት እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ነበሩ። በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊንና ፒያኖም እዚያ ጀመሩ። አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጣሊያን ወረረ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አጠገብ መርኮሊያኖ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ 4ቱ ለቫዮሊን፣ 5ቱ ለፒያኖ። የካይሮው ሙቀት ጤናቸውን ስለነሳቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ከዚያ ወደ ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለመማር ዕድል ተገኘ። ሊሄዱ ሲሉ ፈቃድ ተከለከሉ። አያችሁ? የከንቲባ ልጅም ብትሆን ትራንስፈሯ ውድቅ ይሆናል! ሐዘኑ ጸናባቸው፤ እህል አልበላም አሉ። በመጨረሻ ፒያኖውንም ዓለሙንም ትተው በ19 ዓመታቸው ግሸን ማርያም ወጡ። ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ በጭቃ ጎጆ ውስጥ በምንኩስና ኖሩ። ለንደን ያልሰጠቻቸውን ቤት አምባው ሰጣቸው፤ ፒያኖ ግን አልነበረውም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እማሆይን ጎንደር እናገኛቸዋለን። የያሬድን ዜማ ሊማሩ መጥተዋል። በየቀኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወጣቶች አዩ። እነማን ናቸው ቢሉ የዜማ ተማሪዎች ናቸው፤ የቆሎ ተማሪዎች። ለምነው በልተው፣ ውጭ አድረው፣ ማኅሌት ይማራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ጣቶቻቸው ናቸው። ድርሰቶቻቸውን በፒያኖ ተጫውተው ጀርመን አገር በሸክላ አስቀረጹ፤ ሐሳባቸውም ገቢው ለነዚህና ለመሰሎቻቸው ችግረኛ ወጣቶች መማሪያ እንዲሆን ነበር። ከሸክላዋ ድርሰቶች አንዱ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቤት አልባው መንገደኛ» እንደማለት ነው። ቃል የለውም፤ ፒያኖ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን ብዙ ጊዜ ሰምተነው ለምን ያን ስም እንዳገኘ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ለማን እንደሆነ በቀጥታ የነገረን የለም፤ ከጎንደሩ ደጀ ሰላም ጋር አያይዘን ስንሰማው ግን ሌላ ሆነብን።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር 40 ዓመት ገደማ ኖረው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዓለም ዛሬ ስለ ጣቶቻቸው ይጽፋል፤ ይገባል። እኛ ደግሞ ስለ ዓይናቸው እንጻፍ። በዚያ ደጀ ሰላም በየቀኑ ስንት ሰው ያልፍ ነበር! ያ ሁሉ ሰው ተማሪዎቹን አይቷል፤ «ድሮም እንዲህ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ወጉ ነው» ብሎ አልፏል። እማሆይ ግን ወግ ነው ብለው አላለፉም። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ በር ተዘግቶባቸው ስለነበረ ይሆናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

፯

ወደ በገናው ልጅ እንመለስ። በአራተኛው ሳምንት ከግቢው በስተጀርባ እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ጓሮ ውስጥ አንድ ክፍል ተገኘለት። ዋጋ ልናስቀንስ ሦስት ሆነን ሄድን። ከመካከላችን ንግግር የሚችለው ልጅ የድሮውን ወግ አንሥቶ፣ «እማማ፣ ቤት የእግዜር ነው ይባል የለ!» አላቸው። እማማም ምጣዳቸውን እያሰሱ፣ «እውነትህን ነው ልጄ፤ ቤቱ የእግዜር ነው፤ ኪራዩ ግን የእኔ ነው» አሉት። ሳቅን። ከዚያ የተጠቀለለውን ነገር አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። በገና መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና ከኪራዩ ላይ ቀነሱለት፤ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ሊደረድርላቸው ነው። ውሉ በአፍ ነው፤ ምስክሮቹ እኛ ነን።

እኚህ እናት ከቤተልሔሟ ገበሬ ሴት በምን ይለያሉ? ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ ያለው ከኛ ዘንድ ነው። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን ለሚቀጥለው ትቶ ይሄድ ነበር። እኛስ ስንመረቅ ለሚቀጥለው ምን ትተን እንሄዳለን? የሚያከራይ ሰው አድራሻ እንኳ ለታናሾቻችን ሳንነግር እንወጣለን። በገናው ልጅ አልጋ ያገኘው በዕድል ነው፤ እኛ ክፍል ባይገባ ኖሮ ትምህርቱን ትቶ አገሩ ለመግባት ተዘጋጅቶ እንደነበር ኋላ ነግሮናል። ዕድል ደግሞ ደንብ አይሆንም። መዛወርን የሚፈቅድ ደንብ ካለ ማደርንም አብሮ ማሰብ አለበት፤ ይህን ለሚመለከተው ክፍል ጽፈን ሰጥተናል፤ መልሱንም እንጠብቃለን።

መልሱ እስኪመጣ ግን ከኛ የሚጠበቅ ነገር አለ። አንደኛ፣ ግቢው አካባቢ ለተማሪ የሚያከራዩ ቤቶችን ዝርዝር መያዝ ጀምረናል፤ የምታውቁትን ጨምሩበት። ጠባይዋ የከበደ አከራይም ብትሆን ጻፉ፤ ጠባይዋንም ጨምራችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ የሙዚቃ ተማሪ ከአልጋ ሌላ የሚጮህበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ማታ ክፍት የሚሆን የመማሪያ ክፍል የሚያውቅ ይንገረን። ሦስተኛ፣ በመስከረምና በየካቲት፣ ተዛዋሪዎች በሚመጡበት ሰሞን፣ ለጥቂት ሌሊት ፍራሽ መዘርጊያ ቦታ ያለው ስሙን ይስጠን። ሴት ተማሪዎች በተለይ እንድትመዘገቡ እንለምናለን፤ ምክንያቱን ከላይ በአራተኛው ክፍል ተናግረናል፤ ያ ታሪክ በኛ ዘመን መደገም የለበትም።

ዝርዝሩ ይህችን መጽሔት ከምናባዛባት ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። እስክሪብቶውም በክር ታስሯል። እስካሁን የተጻፉት ስሞች ዐሥራ አንድ ናቸው፤ የመጨረሻው የበገናው ልጅ ነው፤ ከጓሮ ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ፍራሽ የሚሆን ቦታ አለኝ ብሏል።